ጋብቻ የማን ነው? በአንቀጽ 39 የተጋረደው አንቀጽ 34

ስለ አንቀጽ 39 ያልጻፈ የለም። ትናንት በየፓልቶክ ክፍሉ፣ ዛሬ በየዩቲዩቡ፣ ከዋሽንግተን እስከ ስቶክሆልም በየስብሰባ አዳራሹ ሕገ መንግሥቱ በተነሣ ቁጥር ነገር ሁሉ እዚያች አንቀጽ ላይ ሲደርስ ይቆማል። «መገንጠል» ከተባለ በኋላ ማን ሌላ ገጽ ይገልጣል? ከእርሷ አምስት ቁጥር ብቻ ቀድሞ የተቀመጠው አንቀጽ 34 ግን፣ እያንዳንዱን ኢትዮጵያዊ እልፍኙ ድረስ ገብቶ የሚነካ ጉዳይ ይዞ ሳለ፣ አንባቢ ያጣ አንቀጽ ሆኖ ቀርቷል።

አንቀጽ 34 ስለ ጋብቻና ስለ ቤተሰብ ነው። ወንድና ሴት ሲጋቡ፣ በጋብቻው ዘመንና ሲፋቱ እኩል መብት አላቸው ይላል። ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይመሠረታል ይላል። ቤተሰብንም የኅብረተሰብ የተፈጥሮ መሠረት ያደርገዋል። እስከዚህ ድረስ ቁርጥ ያለ ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ንዑስ አንቀጽ ግን ሌላ በር ይከፈታል፤ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት ለተፈጸመ ጋብቻ ዕውቅና የሚሰጥ ሕግ ሊወጣ ይችላል፣ የግልና የቤተሰብ ክርክርም ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ ይችላል፣ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ይባላል።

ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል! ይህች አነጋገር ያገራችንን የጋብቻ ሕግ ታሪክ ጠቅልላ ይዛለች። ንጉሡም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም «ጋብቻ ምንድን ነው? ማንስ ያስራል? ማንስ ይፈታል?» የሚለውን ጥያቄ ካህኑንና ቃዲውን ፊት ለፊት ቀርበው አልተነጋገሩበትም። ዋናውን በወርቅ ቀለም ጽፈው ዝርዝሩን አሳደሩት። ላደረው ዕዳ ማን እንደ ከፈለ ኋላ እናያለን።

መጀመሪያ ግን «የአባቶቻችን ጋብቻ» የሚባለውን እንመልከት፤ የቤተሰብ ሕግ በተነሣ ቁጥር፣ በአገር ቤትም ሆነ በስደት ባሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ ቀድሞ የሚሰማው ቃል ይህ ነውና። የትኛው የአባቶቻችን ጋብቻ? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብጻዊው ክርስቲያን ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ያጠናቀረው፣ ከዚያም ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ሃያ አራተኛው አንቀጹ ስለ ጋብቻ ነው። በቤተ መንግሥቱም በቤተ ክህነቱም የተከበረ፣ ንጉሥ ሲፈርድ ሊቃውንቱ የሚጠቅሱት መጽሐፍ ነበር። በመጽሐፉ መንገድ ከሄድን ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት፣ በካህን ጸሎት የሚጸና፣ በዋዛ የማይፈርስ ኪዳን ነው። ሕዝቡስ? ሕዝቡ በሰማንያ ተጋባ።

ሰማንያ በሽማግሌና በዋስ ፊት በመሐላ የሚታሰር ውል ነው። ከብቱ ይቈጠራል፣ የሁለቱም ድርሻ ይታወቃል፣ ባይስማሙ በሽማግሌ ሀብት ተካፍለው ይለያያሉ። በቁርባን መጋባት ግዴታ የሆነባቸው ካህናት ነበሩ፤ ቄሱ ሚስቱ ብትሞትበት እንኳ ሌላ ካገባ ቅስናው ይፈርሳል። ምእመኑ ግን በሰማንያ ተጋብቶ፣ ወልዶ ከብዶ፣ የሥጋ ፈተና ሲበርድለት በሽምግልና ዘመኑ ይቈርብ ነበር። ከዚህም ዝቅ ብሎ የደመወዝ ጋብቻ ነበረ፤ ነጋዴው ወይም ወታደሩ ለሴቲቱ በወር ወይም በዓመት ደመወዝ ቈርጦ የሚኖርባት።

ከላይ ያሉትስ? አፄ ቴዎድሮስ በመጀመሪያ ዘመናቸው ከእቴጌ ተዋበች ጋር በቁርባን ጸንተው፣ መኳንንቱም እቁባት ማብዛቱን እንዲተዉ ገፋፍተው ነበር። በ1850 ዓ.ም. ተዋበች ሲያርፉ ንጉሡ ራሳቸው በዚያ ሕግ አልጸኑም። ምኒልክና ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. አንኮበር መድኃኔ ዓለም በቁርባን ሲጋቡ፣ ምኒልክ ከወይዘሮ ባፈና ጋር ኖረው የተለያዩ፣ ጣይቱም ከዚያ በፊት ከአንድ በላይ ባል አግብተው የፈቱ ነበሩ። በዘመኑ ይህ እቴጌ ከመሆን የሚያግድ ነውር አልነበረም። ይህን የምጽፈው አባቶቻችንን ለማሳጣት አይደለም። እንዲያውም ሴቲቱ ሀብቷን ቈጥራ ገብታ፣ ቈጥራ የምትወጣበት ሰማንያ በዘመኑ ከነበሩት የብዙ አገሮች ሕጎች የተሻለ ሆኖ አገኘዋለሁ። ነገር ግን ዛሬ «ሃይማኖታዊ ጋብቻ» ተብሎ የሚጠበቅልን ነገር ያን ጊዜ የካህናትና የሽማግሎች እንጂ የሕዝብ ጋብቻ እንዳልነበረ መታወቅ አለበት። ሕዝቡ የኖረበት የአባቶች ጋብቻ ዓለማዊ ውል ነበር።

በሙስሊሙ ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በሐረር፣ በወሎ፣ በጅማ፣ በባሌ ኒካሕ የሚታሰረውም፣ ፍቺውና ውርሱም የሚታየው በሸሪዓ ነው፤ ዳኛውም ቃዲው ነው። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ሙስሊሙን ወደ ራሱ ለመሳብ የቃዲዎችን ፍርድ ቤት አስፋፋ። ንጉሡ ከስደት ሲመለሱ ያንን ነጥቀው ቂም መግዛት የፈለጉ አይመስለኝም። የቃዲዎችና የናኢባዎች ምክር ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 62/1936 ሥልጣናቸው ተዘረዘረ፤ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ሞግዚትነት፣ ስጦታ፣ ወቅፍ፣ ውርስ። ጋብቻው በእስልምና ሥርዓት ከተፈጸመ ወይም ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሙስሊሞች ከሆኑ ጉዳዩ ወደ ቃዲ ይሄዳል። ሴቲቱ ትፈቅዳለች ወይ? ተብሎ አይጠየቅም ነበር። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ ተመልሳ ትመጣለች።

ከዚያ የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መጣ። በአንቀጽ 48 የኢትዮጵያን ቤተሰብ የግዛቱ ጽናት ምንጭ ብሎ በሕግ ልዩ ጥበቃ ሥር አስገባው። ቤተሰብ ማለት ምን እንደ ሆነ የሚነግረን ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነበር። ረቂቁን የሠሩት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ሕጉ በድል ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጸና። መቅድሙ ፍትሐ ነገሥትን በክብር ያነሣል። ውስጡ ሲነበብ ግን ነገሩ ከመቅድሙ ይለያል።

ሕጉ ሦስት የጋብቻ በሮችን ከፈተ፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በልማድ። ካህኑም ቃዲውም ሽማግሌውም ደስ ይበላቸው! መግቢያው ሦስት ሲሆን መውጫው ግን አንድ ብቻ ነበር። አንቀጽ 662 ጋብቻው በየትኛውም ሥርዓት ቢፈጸም የፍቺው ምክንያትና ውጤት አንድ ነው አለ። በዚህች አንድ አንቀጽ ቤተ ክርስቲያን «እግዚአብሔር ያጣመረው አይለያይም» የምትለው የቁርባን ጋብቻ በዓለማዊ ሽማግሌ የሚፈታ ሆነ፤ የሙስሊሙም የጠላቅ ሥርዓት በሕግ ፊት ቦታ አጣ። አንድ ሰው የቀደመ ጋብቻው ሳይፈርስ ሌላ ማግባት እንደማይችልም በአንቀጽ 585 ተደነገገ። አንቀጽ 3347 ደግሞ ሕጉ በሚሸፍነው ጉዳይ ሁሉ የቀድሞውን ልማድና ደንብ ሻረ። የሕግ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት በረቂቁ ለሙስሊሞች የተዘጋጀ የተለየ ክፍል ነበረ፤ በታወጀው ሕግ ውስጥ ግን የለም።

አሁን አስተውሉ። አዋጅ 62 በዚህ ተሽሯል ወይስ አልተሻረም? በወረቀት ከሄድን ተሽሯል የሚያሰኝ ነው፤ የሕግ ሰዎችም ተከራከሩበት። ቃዲዎቹ ግን ፍርድ ቤታቸውን አልዘጉም፤ መንግሥትም ዝጉ አላላቸውም፤ ይቀጥሉ ብሎም አልጻፈላቸውም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በአንቀጽ 616 በጋብቻ ላይ ጋብቻን ይቀጣና፣ በአንቀጽ 617 ልማድን ተከትሎ በፍትሐ ብሔር ሕግ የታወቀ ከሆነ አይቀጣም ይላል። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጭራሽ አላወቀውም። አንዱ ሕግ ወደ ሌላው ይጠቁማል፤ የተጠቆመበት ቦታ ባዶ ነው።

ስለ ሴቲቱም ሁለት ቃል። ያ በዘመናዊነቱ የሚመሰገን ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ፣ ሚስት ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ደነገገ። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ሆነ። የሃይማኖት ወግ አጥባቂዎች ዓለማዊ ብለው የሚነቅፉት ሕግ እዚህ ላይ ከእነርሱ አልራቀም ነበር።

ሌላም ባዶ ቦታ አለ፣ እጅግ የሚገርመው እርሱ ነው። ሕጉ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት የክብር መዝገብ ከመቶ የሚበልጡ አንቀጾች አሉት። መጨረሻው ላይ ግን አንቀጽ 3361 መጥቶ እነዚህ የመዝገብ ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ አይጸኑም ይላል። ትእዛዙ አልወጣም። ንጉሡ አላወጡትም፣ ደርግም አላወጣውም። በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸም ጋብቻ ታወጀ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ግን መዝገቡ አልተከፈተም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞችና ደጋፊ ክርስቲያኖች አብረው ያደረጉት ታላቅ ሰልፍ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስለ በዓላቱና «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ስለሚለው አዋራጅ አጠራር ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በሕጉ ውስጥ ለእነርሱ አንድ ገጽ እንኳ መነፈጉን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ደርግ በዓላቱን ሰጠ። የጋብቻውን ጥያቄ እንዳለ ተወው።

እስከ ሰኔ 1978 ዓ.ም. ማለት ነው። የኢሕዴሪ ሕገ መንግሥት ረቂቅ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ለውይይት ሲቀርብ፣ ስለ ጓድ ሊቀ መንበሩ፣ ስለ ፓርቲው ብቸኛ መሪነት፣ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ደፍሮ የሚናገር አልነበረም። የሚናገርስ ወዴት ይገባል! ሕዝቡን ያናገረው አንድ በላይ ማግባትን የሚከለክለው ድንጋጌ ሆነ። ከረቂቁ ሁሉ እጅግ ያከራከረው እርሱ ነበር፤ የሙስሊሙ ቁጣ በይፋ ተሰማ። ሌላው አፍ ሁሉ በተዘጋበት አገር ስለ ጋብቻ መከራከር ተፈቀደ። አንዳንዶች ይህን የሙስሊሙ ኋላቀርነት ምልክት አድርገው ሲጽፉት አያለሁ። እኔ ደግሞ በ17 ዓመቱ የደርግ ዘመን ሕዝብ ካድሬን ፊት ለፊት ከተቃወመባቸው ጥቂት መድረኮች አንዱ አድርጌ እቈጥረዋለሁ፤ ምንም እንኳ የተቃወመበትን ነገር እኔ ባልደግፈው።

ኢሕአዴግ ሲገባ ጥያቄው ተከትሎት ገባ። ኅዳር 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የሕገ መንግሥት ጉባኤው ተሰብስቦ ሳለ፣ በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ሸሪዓ ከሕገ መንግሥቱ መሠረቶች አንዱ እንዲሆን በሰልፍ ጠየቁ። ክርስቲያኑ ደነገጠ። ሕገ መንግሥቱ ከአሥር ቀን በኋላ፣ ኅዳር 29፣ ሲጸድቅ ሸሪዓ መሠረት አልሆነም። የቀረላቸው አንቀጽ 34(5)ና የሃይማኖት ፍርድ ቤቶች ሊቋቋሙ እንደሚችሉ የሚናገረው አንቀጽ 78(5) ነው። በዚህም ላይ የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ለየክልሉ ሆነ። አንድ መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ ዘጠኝ ቦታ ተከፋፈለ።

አሁን ከልቤ የምደግፈውን ልናገር። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ኢሕአዴግ ካወጣቸው ሕጎች ከጥሩዎቹ አንዱ ነው። ባል የቤተሰብ አለቃ መሆኑ ቀረ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። ፍቺ ከሽማግሎች እጅ ወጥቶ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ሽማግሌ ለማስታረቅ ቀረ። ለዚህ የታገሉት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እኅቶቻችን ናቸው፤ ሕጉን የገዢው ፓርቲ ስጦታ አድርጎ ማቅረብ የእነርሱን ድካም መካድ ነው። አመስጋኙ መንግሥት እንዴት እንደ ከፈላቸው ይታወቃል፤ ሕጉ በወጣ በዓመቱ፣ የፍትሕ ሚኒስቴርን በአደባባይ ከነቀፉ በኋላ፣ ማኅበራቸው ታገደ። እግዱ በጥቂት ጊዜ ተነሣ፤ የ2001ዱ የበጎ አድራጎትና ማኅበራት አዋጅ ግን ከ10 በመቶ በላይ ገቢው ከውጭ የሆነን ድርጅት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠራ ከልክሎ አሽመደመዳቸው። አዋጁ እስከ 2011 ዓ.ም. ጸንቶ ቈየ።

ሕጉ በማን ጸደቀ? ተቃዋሚዎች ከምርጫው ርቀው በ1987 በተመረጠ፣ ወንበሩ ሁሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ በገዢው ፓርቲና በአጋሮቹ በተያዘ ምክር ቤት። መቼ? ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ የተኩስ ማቆም ስምምነት በተፈረመ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ ሰኔ 27 ቀን ሕጉ ጸና። የአገሩ ሰው ጆሮ ያለው ባድመና ዛላንበሳ ላይ ነው። አዋጁ የሚጸናውም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ ነበር፤ ትግራይ ቀድሞ፣ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ተከትለው የየራሳቸውን ሲያወጡ፣ አፋርና ሶማሌ ለብዙ ዓመታት ሳያወጡ ቈዩ። በነጻ ምክር ቤት፣ ካህኑም ሼኩም ፓስተሩም የመረጧቸው ሰዎች ተከራክረውበት ቢሆን ኖሮ ሕጉ ይለዝብ ነበር ወይ? ምናልባት። ግን ከገጠሩ ይደርስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በዚያው በ1992 ዓ.ም.፣ ከቤተሰብ ሕጉ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188 ተጠናከሩ። አሁን እንግዲህ የተከራካሪዎች ፈቃድ በሕግ ተጻፈ። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው ግን እንደ ፈቀደ ይቈጠራል ተብሎ አብሮ ተጻፈ። ማንበብ የማትችል፣ መጥሪያው በባሏ እጅ የቀረ ሴት እንደ ፈቀደች ትቈጠራለች ማለት ነው።

አንዲት የአዲስ አበባ ሙስሊም ሴት በውርስ ክርክር ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ተጠራች። አልቀረችም አይደለም፤ ቀርባ «እዚህ መዳኘት አልፈቅድም» አለች። ፍርድ ቤቱ ተቃውሞዋን አልፎ ፈረደባት። ይግባኝ አለች፤ አልተሳካም። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ድረስ ወጣች፤ ስሕተት የለውም ተባለች። ከዚያ ወደ ሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ ሄደች። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ ከአንቀጽ 34(5) ጋር ይቃረናል ብሎ ሻረው። ያቺ ሴት በብቻዋ፣ ከ1936ቱ አዋጅ ጀምሮ ማንም ያልጠየቀውን «እርሷስ ትፈቅዳለች ወይ?» የሚል ጥያቄ እስከ መጨረሻው ደረጃ አድርሳ መልስ አገኘችበት። ስለ ዳኝነት ነጻነት ስንጽፍ የፖለቲካ እስረኞቻችንን ስም እንደረድራለን፤ ይገባቸዋልም። የእርሷን ጉዳይ ግን በተቃዋሚ ጽሑፎች ውስጥ ተጠቅሶ አይቼ አላውቅም።

የወንጀል ሕጉም ታደሰ፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ አንቀጽ 650 በጋብቻ ላይ ጋብቻን ይቀጣል፣ አንቀጽ 651 በሕግ የታወቀ የሃይማኖት ወይም የልማድ ሥርዓትን ተከትሎ ከሆነ አይቀጣም ይላል። የ1949ኙ ሕግ ልብሱን ቀይሮ መምጣቱ ነው።

በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ደግሞ የሃይማኖት መሪዎች፣ አቡነ ጳውሎስና የካቶሊኩ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ብርሃነ ኢየሱስ ጭምር፣ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ግብረ ሰዶምን የሚከለክል ድንጋጌ በሕገ መንግሥቱ እንዲገባ የሚጠይቅ ውሳኔ አወጡ። ድርጊቱ በወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 629 አስቀድሞ የተከለከለ ነው። እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ለዘመናት «ጋብቻ የእግዚአብሔር እንጂ የመንግሥት አይደለም» ሲሉ የኖሩ አባቶች የቤተሰብን ወሰን መንግሥት በሕገ መንግሥት እንዲያጥርላቸው መለመናቸው። መንግሥት ያጠረውን መንግሥት ሊያፈርሰው እንደሚችል ከአንቀጽ 662 ያልተማሩ ይመስላል። በዚያው ወቅት ስለ ልጅነት ጋብቻና ስለ ጠለፋ እንዲህ ያለ የጋራ ድምፅ ቢያሰሙ ኖሮ ምንኛ በከበዱ ነበር!

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል የሚለው ንግግር አልተቋረጠም። አንዳንዱ 39ኝን ይሰርዛል፣ ሌላው ሰንደቅ ዓላማውን ይለውጣል። በ34(5) ውስጥ ያለችውን «ዝርዝር» ማን ይጽፋታል? የባህል ሽማግሌው ሥልጣን እስከ የት ነው? የቃዲው መጥሪያ የደረሳት ሴት ዝም ብትል ዝምታዋ ምን ማለት ነው? የእኛ ድርጅቶች በዚህ ላይ መልስ ካላቸው እስካሁን አላሳዩንም። ሙስሊሙን ላለማስቀየም ዝም፣ ቤተ ክህነትን ላለማስቀየም ዝም፤ ይህ የንጉሡም፣ የደርግም፣ የኢሕአዴግም መንገድ ነበር።

እኛ በውጭ ያለነው ነገሩን ከወረቀት ጋር እናውቀዋለን። በቨርጂኒያ አንድ ቄስ ሙሽሮችን በሕግ ለማጋባት ከፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ያወጣል፤ ተክሊሉን ካደረሰ በኋላም የመንግሥቱን የጋብቻ ፈቃድ ፈርሞ ይመልሳል። ያው ቄስ አዲስ አበባ ሳለ የሚሰጠው የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ኤምባሲ ሲደርስ «የመንግሥቱስ የታለ?» ይባላል። የመንግሥቱ መዝገብ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ አንቀጽ 3361 ከታወጀ ከሃምሳ ስድስት ዓመት በኋላ። ከዚያ በፊት የተጋቡ፣ ልጅ አድርሰው የልጅ ልጅ ያዩ ባልና ሚስት፣ ለቪዛ ሲሉ ምስክር ይዘው ወደ ማዘጋጃ ቤት ይሄዱና ጋብቻቸውን ያስመዘግባሉ። የተጋቡበት ቀን ሌላ፣ የተመዘገቡበት ቀን ሌላ ነው፤ ብዙዎች ዘንድ በሁለቱ መካከል ሃያና ሠላሳ ዓመት አለ።